ለቴኒሱ ጥያቄ የእኔ መልስ፦ ሚሎስላቭ ሜቺርዥ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ከነፌደረር በፊት ከነበሩት ቴኒስ ተጫዋቾች የችሎታውን ያህል ያልተወራለት ማነው? ለምንስ?» ነው ያልከው። የእኔ መልስ ሚሎስላቭ ሜቺርዥ ነው። ለምን የሚለው ግን በአንድ መስመር አያልቅምና ትንሽ ታገሰኝ።

ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1964 ተወለደ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) የትውልድ ከተማው ቦይኒትሴ ዛሬ ስሎቫኪያ ውስጥ ናት፤ ያኔ አገሩ ቼኮዝሎቫኪያ ነበር። ቁመቱ 1.90 ሜትር ነው። ጺማም፣ ዝምተኛ፣ ነጥብ ቢያገኝም ቢያጣም ፊቱ የማይለዋወጥ ሰው ነበር። «ትልቁ ድመት» ይሉታል። ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው ለምን እንዲህ እንደሚሉት አይጠይቅም።

እኔ ያደግኩት ደሴ ነው፤ ቴኒስ የተማርኩት ግን ኮምቦልቻ፣ አንድ ድርጅት ግቢ ውስጥ በነበረ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ነው። ክረምት ሲዘጋ ሐረጎን፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን ቁልቁለት፣ ወርጄ አጎቴ ጋ እከርማለሁ። እንደ ብዙዎቻችን ኳስ በማቀበል ጀመርኩ። አባላቱ ሲጨርሱ የእነሱን ራኬት ተውሰን እስኪመሽ እንጫወታለን። ኳሱ ጸጉሩ ያለቀ ነው። ራኬቱም የእንጨት ነበር፤ ጅማቱ ሲበጠስ በዓሣ ማጥመጃ ክር እንቀጥለዋለን። ሁላችንም አንድ ነገር ብቻ ነበር የምንፈልገው፦ በኃይል መምታት። ኃይለኛ መቺ ጎበዝ ተጫዋች ይመስለን ነበር።

አጎቴ ቼኮዝሎቫኪያ የተማረ ሰው ነው። ሲመለስ ከቴሌቪዥን የተቀዳ አንድ ቪዲዮ ካሴት ይዞ መጣ። ማጫወቻ ያለው ጎረቤት ቤት ተሰብስበን አየነው። የ1988ቱ የዊምብልደን ሩብ ፍጻሜ ነበር፤ ሜቺርዥ ከስዊድኑ ማትስ ቪላንደር ጋር።

ቪላንደር በዚያ ዓመት የአውስትራሊያን፣ የፈረንሳይንና የአሜሪካን ትልልቅ ዋንጫዎች ጠራርጎ ወስዷል። ከአራቱ ትልልቅ ውድድሮች የቀረው የእንግሊዙ ዊምብልደን ብቻ ነበር። ያስቀረው ደግሞ ይሄ ዝምተኛ ሰው ነው። ውጤቱ በሦስት ዙር 6 ለ 3፣ 6 ለ 1፣ 6 ለ 3።

እኛን ያስደነገጠን ውጤቱ አልነበረም። ሜቺርዥ በኃይል አይመታም! ባክሃንዱን (ራኬት ከሚይዝበት እጅ በተቃራኒው ጎን የሚመታውን) በሁለት እጁ ይይዛል፣ ቀኝ ትከሻውን ወደ መረቡ ያዞራል፣ ራኬቱን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል። እስከዚህ ድረስ በማዕዘን አሻግሮም ሊመታ ቢሆን በመስመሩ ቀጥ አድርጎም ሊልክ ቢሆን አቋሙ ያው ነው። ቪላንደር መጠበቅ ሲሰለቸው ወደ አንዱ ጎን ይነሳል። ያኔ ኳሷ ከኋላው ታልፋለች። ቪላንደርን የሚያህል በእግሩ የታወቀ ሯጭ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አጎቴ እዚያ እዚያ ቦታ ላይ ካሴቱን እየመለሰ «ኳሷን ተዋት፣ የዚያኛውን እግር እይ» ይለኝ ነበር። ቴኒስ ማየት የተማርኩት ያኔ ነው።

ይሄ ነገር ለእኛ አገር ሜዳ እንዴት እንደሚጠቅም ልንገርህ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ አዲስ ኳስ ትበራለች፤ ጠንክረህ የመታሃት ከመስመሩ ውጭ ታርፋለች። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ትንሽ ይሻላል፣ ግን እዚያም ቢሆን ቀላል አይደለም። ስለዚህ ክንዴን ወደ ኋላ ብዙ መሳብ ተውኩ። ቀድሜ ቦታ እይዛለሁ፣ አጭር እመታለሁ፣ አቅጣጫዬን እስከ መጨረሻው እደብቃለሁ። ከእኔ በጉልበት የሚበልጡ ልጆች ሲቸገሩ አይቻለሁ። ዛሬም ለማስተምራቸው ልጆች ከሰርቭ (ነጥቡን ከሚያስጀምረው ምት) በፊት የማሳየው ይህንኑ ነው።

ደግሞ ራኬቱ! ሌላው ሁሉ ወደ ግራፋይት ከዞረ በኋላ እሱ እንጨቱን አልተወም። በ1989 የአውስትራሊያ ፍጻሜ የገባው በእንጨት ራኬት ነው። ከዚያ ወዲህ በትልቅ ውድድር የወንዶች ፍጻሜ ላይ እንጨት ይዞ የቀረበ የለም። በእጃችን እንጨት ብቻ ለነበረን ልጆች ይሄ ምን ማለት እንደነበር አንተው ገምት።

አሁን ወደ «ለምን ተረሳ» እንምጣ። አንደኛው ምክንያት ኢቫን ሌንድል ነው። ሜቺርዥ ሁለት ጊዜ ለትልቅ ፍጻሜ ደረሰ፣ ሁለቱንም ጊዜ ያገኘው የአገሩን ልጅ ሌንድልን ነው። በ1986 ኒውዮርክ፣ በአሜሪካው ትልቅ ውድድር ላይ ቪላንደርንና ቦሪስ ቤከርን ጥሎ መጥቶ በሌንድል ተሸነፈ። በነገራችን ላይ በዚያ ዓመት በሴቶቹም በኩል ፍጻሜ የደረሱት ማርቲና ናቭራቲሎቫና ሄለና ሱኮቫ ነበሩ፤ አራቱም ቼኮዝሎቫኪያ የተወለዱ! በ1989 ሜልቦርን ላይም ሌንድል በሰፊ ልዩነት አሸነፈው። ግን «ሌንድልን አይችለውም ነበር» እንዳትል፤ በ1987 ፍሎሪዳ ላይ በፍጻሜ በዙር 3 ለ 0 ረቶታል።

በጣም የሚያንገበግበኝ ያው የ1988 ዊምብልደን ነው። ከቪላንደር በኋላ ግማሽ ፍጻሜውን ከስቴፋን ኤድበርግ ጋር ተጫወተ። በዙር 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 3 ለ 2 ተሸነፈ። ኤድበርግ ሄዶ ዋንጫውን ወሰደ። ያን ቀን አንዲት ዙር ቢጨምር ኖሮ ዛሬ አንተም ስሙን ታውቀው ነበር።

የዚያን ዓመት ሴኡል ኦሊምፒክ ላይ ግን ኤድበርግን በግማሽ ፍጻሜ፣ አሜሪካዊውን ቲም ማዮትን በፍጻሜ አሸንፎ ወርቅ ወሰደ። ቴኒስ ከ1924 በኋላ ለሜዳሊያ ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰው ያኔ ነው። እኛ አገር ይሄ ብዙ አልተወራም። ኢትዮጵያ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወግና ሴኡል አልሄደችም፤ ሯጮቻችን በሌሉበት ኦሊምፒክ ማን ስለ ቴኒስ ያወራል?

ከዚያ ወገቡ ከዳው። በ1990፣ በ26 ዓመቱ አቆመ። 11 ዋንጫ አለው፣ በዓለም ደረጃ እስከ 4ኛ ደርሷል። ሌላው ተጫዋች ገና በሚበስልበት ዕድሜ ነው የወጣው።

እዚሁ ገጽ ላይ ከእኔ በፊት አንድ አባል «ትልቅ ዋንጫ የሌለውን ማስታወስ ምን ይጠቅማል» ብሎ ጽፏል። አልስማማም፣ በጭራሽ። ዋንጫ የሚቆጥረው ያሸነፈበትን ቀን ነው፤ እኔ ደግሞ ኮምቦልቻ ሲሚንቶ ላይ ሆኜ ከዚህ ሰው የወሰድኩትን ከብዙ ባለዋንጫዎች አላገኘሁም።

ዩቲዩብ ላይ የቪላንደሩን ጨዋታ ፈልግና ከእሱ ጀምር፤ የኤድበርጉን ለኋላ አቆየው፣ ያናድድሃል። ስታይ ሜቺርዥ ከመምታቱ በፊት ቪዲዮውን አቁምና ኳሷ የት እንደምትሄድ ገምት። ስንቱን እንዳገኘህ እዚሁ ጻፍልኝ።