ፈረንሳይን ሳይቸኩሉ ማየት፦ ስለ ፕሮቫንስ ጉዞ ጥያቄና መልስ

ወደ ደቡብ ፈረንሳይ፣ በተለይም ወደ ፕሮቫንስ፣ በተለያዩ ዓመታት ተመላልሼ ስለሄድኩ ለጉዞ የተዘጋጁ ሰዎች ብዙ ይጠይቁኛል። ሌሎችንም ይጠቅማሉ ያልኳቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አቀርባለሁ።

ጥያቄ፦ የዐሥር ቀን ዕረፍት አለኝ። ፓሪስን፣ ሊዮንን፣ ኒስንና ቦርዶን ለማየት አስቤያለሁ። ጊዜው ይበቃኛል?

መልስ፦ አራቱን ከተሞች ለመርገጥ ይበቃዎታል፤ ለማወቅ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም ከዐሥሩ ቀን ብዙው ሻንጣ በማዘጋጀት፣ ባቡር በመጠበቅና አዲስ ማረፊያ በመፈለግ ያልፋል። የእኔ ምክር ሦስት ቀን ለፓሪስ፣ የቀረውን ሁሉ ለአንድ አነስተኛ ከተማ እንዲሰጡ ነው። እኔ በፕሮቫንስ ያለችውን አርልን እመርጣለሁ። ከፓሪስ በፈጣኑ ባቡር እስከ አቪኞን 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ከአቪኞን መሀል ከተማ ጣቢያ ወደ አርል ደግሞ በክልሉ ባቡር 20 ደቂቃ ያህል ነው። አርል ሲደርሱ ሻንጣዎን ያስቀምጡና እስከ መመለሻዎ ቀን አያንሡት። በሦስተኛው ቀን ዳቦ የሚገዙበት ቤት ሰዎች ፊትዎን ይለምዱታል፤ ቅዳሜ በቡልቫር ዴ ሊስ የሚዘረጋውን ሰፊ ገበያ ያገኛሉ፤ ጠዋት ያዩትን የሮማውያን ክብ የትዕይንት ሜዳም አመሻሽ ላይ ፀሐይ ድንጋዩን ስታቀላው ደግመው ሊያዩት ይችላሉ። ዝናብ ከጣለ የጥንታዊት አርል ሙዚየም አለ። ከሮን ወንዝ ደለል ውስጥ በ2011 የወጣችው 31 ሜትር የምትረዝም የሮማውያን ጀልባ እዚያ ትታያለች፤ እኔ እሷን ብቻ በመዞር ግማሽ ቀን አሳልፌያለሁ።

ጥያቄ፦ ቫን ጎግ አርል ኖሯል ይባላል። ሥዕሎቹን እዚያው ማየት ይቻላል?

መልስ፦ ብዙ መንገደኛ ቅር ብሎት የሚመለሰው ይህን ሳያጣራ ስለሚሄድ ነው። ቫን ጎግ አርል የገባው በየካቲት ወር 1888 ሲሆን እስከ ግንቦት 1889 ድረስ ከሁለት መቶ የማያንሱ ሥዕሎችን እንደ ሠራ ይነገራል፤ ይሁንና ሥዕሎቹ ዛሬ በዓለም ሙዚየሞች ተበትነዋል። በስሙ የተሰየመውና በ2014 የተከፈተው ተቋም በውሰት የሚያመጣቸውን ጥቂት ሥራዎች ያሳያል። የኖረበት ቢጫ ቤት በ1944 የአውሮፕላን ድብደባ ስለ ፈረሰ ዛሬ የለም። የታከመበት ሆስፒታል ግቢ ግን አለ፤ አትክልቱም እሱ በሣለው ሥዕል መሠረት እንደገና ተተክሏል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንዲህ ቢያደርጉት እወዳለሁ። በመጀመሪያ ፓሪስ ሳሉ ኦርሴ ሙዚየም ገብተው በመስከረም 1888 የሣለውን፣ በሮን ወንዝ ላይ ያለውን የከዋክብት ሌሊት ሳይቸኩሉ ይመልከቱ። ከዚያ አርል ሲደርሱ በጨለማ ወደ ወንዙ ዳር ይውረዱ። ውኃው ላይ የሚረዝመውን የመብራት ነጸብራቅ በዓይንዎ ሲያዩት ሠዓሊው ምን እንደ ጨመረና ምን እንደ ተወ ራስዎ ይለዩታል፤ ይህን ትምህርት ማንም አስጎብኚ ሊሰጥዎ አይችልም። ከሰሜን የሮንን ሸለቆ ተከትሎ የሚወርደው ሚስትራል የተባለው ኃይለኛ ነፋስ ከነፈሰብዎ ደግሞ፣ ቫን ጎግ የሥዕል መደገፊያውን መሬት ላይ በካስማ እየቸከለ ይሠራ እንደ ነበር ያስታውሱ። አንድ ቀን ከተረፈዎ በአውቶቡስ ወደ ሳን ሬሚ ይሂዱ፤ ከግንቦት 1889 ጀምሮ አንድ ዓመት የታከመበት የቀድሞ ገዳም ከወይራ ዛፎቹ ጋር እዚያው ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ጾም አጥባቂ ነኝ። ቅቤና አይብ በሞላበት አገር ምን እበላለሁ?

መልስ፦ ቅቤው የሚበዛው በሰሜኑ ነው፤ ፕሮቫንስ የወይራ ዘይት አገር ስለሆነ አይቸገሩም። ከሁሉ በፊት ፓኒስን ይቅመሱ፤ የሽምብራ ዱቄት እንደ ገንፎ ተማስሎ ይበስልና ሲቀዘቅዝና ሲጠጥር ተቆራርጦ በዘይት ይጠበሳል። ሽሮ የለመደ አፍ ወዲያው ያውቀዋል። ደርበጃን፣ ዝኩኒ፣ ቃሪያና ቲማቲም በዘይት የሚበስሉበት ራታቱይም አለ፤ ከካማርግ ረግረግ የሚመጣው ቀይ ሩዝ ከእሱ ጋር ይስማማል። ታፐናድ በተባለው የወይራ ፍሬ ድልህ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ትንንሽ ዓሣ ስለሚገባ፣ ዓሣ የማይበሉ ከሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። «ቬጌታሪያን ነኝ» ካሉ እንቁላልና አይብ ሊቀርብልዎ ይችላል፤ ትክክለኛው ቃል «ቬጌታልያን» ነው።

ጥያቄ፦ ምሳ በዘጠኝ ሰዓት ብንደርስ ምግብ ቤት እናገኛለን?

መልስ፦ በትንንሽ ከተሞች አብዛኛው ወጥ ቤት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ ስለሚሠራ ሰዓቱን ያክብሩ። ሒሳብ ካልጠየቁ አይመጣም፤ ይህም የረሷችሁ ሳይሆን ከገበታ ላለማስነሣት የሚደረግ ጨዋነት ነው። የቧንቧ ውኃ በካራፍ (በመስታወት ማንቆርቆሪያ) ቢያዙ አይከፈልበትም።

ጥያቄ፦ ፈረንሳዮች እንግዳን ያመናጭቃሉ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እኔን የገጠመኝ ይህ አይደለም። ሱቅ ሲገቡ ከምንም በፊት «ቦንዡር» ይበሉ። እኛስ ሰላምታ ሳያቀርብ ዕቃ የሚጠይቀንን ሰው በምን ዓይን እናየዋለን?

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያ ሥዕሎች ፓሪስ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። የት ነው የሚገኙት?

መልስ፦ በኤፌል ግንብ አቅራቢያ ባለው በኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። ከ1931 እስከ 1933 አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያቋረጠውና በፈረንሳዊው የባህል ተመራማሪ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር ጅቡቲ የጥናት ተልእኮ በ1932 ጎንደር ሲደርስ፣ የአባ እንጦንዮስን ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች አንሥቶ በምትካቸው ቅጂ አኖረ፤ ዋናዎቹንም ወደ ፓሪስ ወሰደ። ጉዞዎ ስለ ፈረንሳይ ሥነ ጥበብ ቢሆንም፣ ፈረንሳይ በሙዚየሞቿ ያከማቸችው ሁሉ የራሷ እንዳልሆነ ሳያዩ ባይመለሱ እመኛለሁ። እኔ እፊታቸው ስቆም ደስታና ኀዘን አንድ ላይ ተሰምቶኛል። ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ስለሆነ ከሦስቱ የፓሪስ ቀናት ለዚህ የሚሆነውን አስቀድመው ይምረጡ፤ በዚያ ቀንም ሌላ ሙዚየም አይጨምሩበት።