ሌሊት የሚነሳ ሁሉ በእንቅልፍ ልቡ የሚሄድ አይደለም

እሑድ በፒያሳው እድራችን ስብሰባ ማብቂያ ላይ ሌሊት ከእንቅልፋቸው ስለሚነሱ ሰዎች የተነሳው ወሬ ጥያቄ አስከትሏል። ነርስ እንጂ ሐኪም አለመሆኔን እያሰባችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ 3 ሰዓት ላይ ይተኛል። 4 ሰዓት ተኩል ሲሆን ዓይኑን ገልጦ ይነሳና የበሩን እጀታ ይነካካል። ስጠራው አይሰማኝም፤ ጠዋትም አያስታውስም።

መልስ፦ በእንቅልፍ ልቡ እየሄደ ይመስለኛል። ሰዓቱን እዪው፤ ከባዱ እንቅልፍ የሚበዛው በሌሊቱ የመጀመሪያ ሲሶ ነው። ትኩሳትና የእንቅልፍ እጦት ይቀሰቅሱታል። በዘርም ስለሚወርድ አባቱን ጠይቂው። አብዛኞቹ ልጆች ሲጎረምሱ ይተዋቸዋል። እስከዚያው የበረንዳውን በር ቆልፊ።

ጥያቄ፦ ቢቀሰቀስ ያብዳል የሚባለውስ?

መልስ፦ አያብድም። ግራ ይጋባል፣ ምናልባት ይገፈትርሻል። ቀስ ብለሽ ወደ አልጋው መልሺው።

ጥያቄ፦ አባቴ 66 ዓመታቸው ነው። ሌሊት 10 ሰዓት አካባቢ ይራገጣሉ፣ በቡጢ ይማታሉ። ባለፈው ራስጌያቸው ያለውን ሬዲዮ ሰበሩት። ስንቀሰቅሳቸው «ጅቡ አህያዬን ሊበላት ነበር» አሉ።

መልስ፦ ይህኛው ሌላ ነገር ይመስላል። ሕልም በምናይበት እንቅልፍ ጡንቻዎቻችን ይታሰራሉ፤ እስሩ ሲላላ ሰው ሕልሙን በአካሉ ይኖረዋል። አባትህ ከአልጋ ርቀው አልሄዱም፣ ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው፣ ሕልሙንም ይተርካሉ፤ ሦስቱም ከልጁ ታሪክ ተቃራኒ ናቸው። ሕመሙ ራሱን ችሎ የተገለጸው በ1986 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ ሚኒሶታ ነው። ከዓመታት በኋላ ፓርኪንሰን (አካልን የሚያንቀጠቅጥና እንቅስቃሴን የሚያዘገይ የነርቭ ሕመም) የሚከተልባቸው ብዙዎች ስለሆኑ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ የነርቭ ሐኪም ይያቸው። እናትህ ለጊዜው ሌላ አልጋ ላይ ይተኙ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ ብድግ ይላል፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሁልጊዜ በተመሳሳይ መንገድ እግሩን ያወራጫል። አንድ ጠዋት ምላሱ ተነክሶ ነበር።

መልስ፦ ድግግሞሹ፣ የቆይታው ማጠርና አንድ ዓይነትነቱ የሚጥል በሽታን ያስጠረጥራሉ። በስልክህ ቅረጸውና ለሐኪሙ አሳየው፤ ከአሥር ደቂቃ ገለጻ ይበልጣል። ጠበል መሄዱን አልከለክልም፤ መድኃኒት ከታዘዘለት ግን ለጠበሉ ብሎ እንዳያቋርጥ።

ጥያቄ፦ እኔንስ ዱካክ ይይዘኛል?

መልስ፦ የአንተ ደግሞ ሕልማቸውን በአካላቸው የሚኖሩት የአባትዬው ግልባጭ ነው፤ አእምሮህ ነቅቶ አካልህ እንደታሰረ ይቆያል። በጀርባ መተኛት ያባብሰዋል፤ በጎንህ ተኛ።