ፋይሉን ከማስቀመጣችሁ በፊት

ይድረስ መረጃ የማጠናቀርና የመተንተን ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች፤

ገና ጀማሪ ሳለሁ የብዙ ሺህ ሰዎችን ስምና ስልክ ቁጥር የያዘ የሲኤስቪ ፋይል ተሰጠኝ። በኤክሴል ከፈትሁት፣ በአንድ ስም ውስጥ የተሳሳተች አንዲት ፊደል አረምሁ፣ አስቀምጬም ዘጋሁት። በማግስቱ ስልክ ቁጥሮቹ ሁሉ መነሻቸውን አጥተው ተገኙ። ከመካከላቸው በአንድ ዜሮ፣ በሁለት ዜሮ እንዲሁም በመደመር ምልክት የሚጀምሩ ስለነበሩ የትኛው ምን እንዳጣ መለየት አልተቻለም። ቅጂም አላስቀረሁም ነበር።

የሲኤስቪ ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው። እያንዳንዱ መስመር አንድ ረድፍ ሲሆን ዓምዶቹን የሚለያያቸው ኮማ ነው፤ አንዱ ዓምድ ቁጥር፣ ሌላው ቀን፣ ሦስተኛው መለያ ኮድ መሆኑን የሚናገርበት ስፍራ ግን የለውም። ስለዚህ ስፕሬድሺቱ፣ ማለትም እንደ ኤክሴል ያለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም፣ ሲከፍተው ይገምታል፤ ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ መሆኑ ደግሞ ሰውን ያዘናጋል። ዲስክ ላይ ያለው ፋይል በመክፈት ብቻ አይጎዳም። ጉዳቱ የሚደርሰው ስታስቀምጡ፣ ግምቱ በዋናው ጽሑፍ ላይ ሲጻፍበት ነው።

ኤክሴል ከአንድ ቁጥር ውስጥ በትክክል የሚይዘው 15 አኃዝ ብቻ ስለሆነ ባለ 16 አኃዝ የካርድ ቁጥር የመጨረሻው አኃዝ ዜሮ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ዓምዱን ወደ ጽሑፍ ብትቀይሩት የጠፋው አይመለስም። የወር ስም የሚመስሉ የጂን (የዘረመል) ስሞች ወደ ቀን እየተቀየሩ ተመራማሪዎችን ለዓመታት ካስቸገሩ በኋላ፣ የሰው ጂኖችን ስም የሚያጸድቀው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ስሞቹን ራሳቸውን መቀየሩን ይፋ አደረገ። ሶፍትዌሩን ከማረም ሳይንሱን ማረም መቅለሉ እስካሁን ይገርመኛል። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ 15,841 በኮቪድ የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ቆጠራ ውጭ ቀርተዋል፤ ከቤተ ሙከራዎች የመጣው መረጃ የገባበት አሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም ነበርና። በአዲሱ ዓይነት ጣሪያው 1,048,576 ረድፍ ነው፤ ሆኖም እርሱም ጣሪያ ነው።

እንግዲህ ፋይል ሲደርሳችሁ አስቀድማችሁ ቅጂ አስቀሩና ዋናውን አትንኩት። ቀጥሎ ጽሑፉን እንዳለ በሚያሳየው በኖትፓድ ክፈቱትና ዓይናችሁን ጣል አድርጉበት፦ ዓምዶቹን የሚለያየው ኮማ ነው ወይስ፣ አስርዮሽን በኮማ በሚጽፉ አገሮች እንደተለመደው፣ ሴሚኮለን? በውስጣቸው ኮማ ያለባቸው አድራሻዎች በትምህርተ ጥቅስ ተከበዋል? (የእኛው ነጠላ ሰረዝ በሶፍትዌሩ ዓይን ኮማ ስላልሆነ ዓምድ አይከፍልም።) ይህን ካያችሁ በኋላ ፋይሉን ዳብል ክሊክ አድርጋችሁ ከመክፈት ይልቅ ባዶ ስፕሬድሺት ከፍታችሁ ከዳታ ሜኑ አስገቡት፤ ኤክሴል በዚህም መንገድ የዓምዶቹን ዓይነት ልገምት ይላችኋልና እንዳይገምት እዘዙት። ሊብሬኦፊስ ካልክ የተባለው ነፃ የስፕሬድሺት ፕሮግራም ገና ሲከፍት ፊደሎቹ በፋይሉ ውስጥ የተጻፉበትን የኮድ ሥርዓት፣ የዓምዶቹን መለያና የየዓምዱን ዓይነት ስለሚጠይቅ ለዚህ ሥራ እኔ እርሱን እመርጣለሁ። የአማርኛ ስሞች ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ከታዩ ፋይሉ ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከኮድ ሥርዓቶቹ የአማርኛንም ፊደል የሚይዘውን ዩቲኤፍ-8 (UTF-8) የሚለውን መምረጥ ይበቃል።

የትኛው ዓምድ ጽሑፍ ሆኖ መግባት እንዳለበት ስትጠራጠሩ፣ ቢደመር ወይም አማካዩ ቢወጣ ትርጉም ይሰጥ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። የሁለት ሰዎች ስልክ ቁጥር ድምር ምንም ማለት አይደለም፤ እንግዲያው ስልክ ቁጥር በአኃዝ ቢጻፍም ቁጥር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ኤክሴል መነሻ ዜሮን ማጥፋትን የመሳሰሉ ልማዶቹን የምታጠፉበት ምርጫ አለው። ነገር ግን ፋይሉ ነገ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ መከፈቱ ስለማይቀር ይህን ምርጫ ብቻ አትመኑ።

መልሳችሁ በሲኤስቪ ስታስቀምጡ የሚተርፈው የተከፈተው ገጽ ብቻ ነው፤ ቀመሮቹ ይቀሩና ውጤታቸው ይጻፋል፤ በሁለት አስርዮሽ እንዲታይ ያደረጋችሁት ቁጥርም በኤክሴል በሁለት አስርዮሽ ተቆርጦ ይቀራል። ስለዚህ ያስቀመጣችሁትን ዳግመኛ በኖትፓድ ከፍታችሁ የመስመሩን ብዛትና ጥቂት ረድፎችን ከዋናው ጋር አስተያዩ።

እኔ በበኩሌ ፋይሉን የላከልኝን ሰው እንደገና እንዲልክልኝ ለመለመን ተገደድሁ። ሁለተኛው ቅጂ ሲደርሰኝ ያችን አንዲት ፊደል ያረምኋት በኖትፓድ ነው።