«ቤቱ እኮ ታሪካዊ ነው» ተባልኩ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ የዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው ሀዋሳ ነው፣ ተናድጄም አዝኜም ስለምጽፍላችሁ ከረዘመ ይቅርታ። እናትና አባቴ የተጋቡት በ1976 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው፣ የሠርጋቸው ምሽትም የተደገሰው እዛው በአንድ የድሮ ትልቅ ሆቴል ነበር። ስሙን አልጠራም፣ ብቻ ከነጣይቱ ከነራስ ከነሂልተን ውስጥ አይደለም። ያኔ ሰዓት እላፊ ስለነበረ እንግዳው ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም፣ በሩ ተዘግቶ እስኪነጋ ሲጨፈር እንዳደረ አባዬ ሲያወራ ሰምተን ነው ያደግነው። አርባ ዓመት ሲሞላቸው ከደሞዜ ቆጥቤ እዛው ሆቴል ሁለት ሌሊት ያዝኩላቸው፣ እኔ ዘመድ ቤት እያደርኩ ቀን ቀን አብሬያቸው ነበርኩ።

ስልክ ስደውል ክፍሉ 6,000 ብር ነው አሉኝ፣ በቴሌግራም የላኩልኝ ፎቶም የድሮው ሕንፃ ነው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ የእንጨት ወለል፣ በረንዳ ያለው። ስንደርስ ግን የሰጡን በጀርባ በኩል በኋላ የተጨመረው ሕንፃ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ መስኮቱን ስትከፍቱት ጀነሬተር። ሊፍቱ አይሠራም። አባዬ ደግሞ ጉልበቱን ያመዋል፣ በየደረጃው እየቆመ ነው የወጣው። ሙቅ ውሃ የለም፣ ማታ ስንጠይቅ «ጠዋት ይመጣል» ጠዋት ስንጠይቅ «ማታ»። ምንጣፉ እርጥበት እርጥበት ይሸታል፣ ቁርሱም ቀዝቅዞ ነው የቀረበው። ሪሴፕሽን ሄጄ ስናገር ልጅቷ «ቤቱ እኮ ታሪካዊ ነው» አለችኝ። ስንወጣ ደግሞ የአንዱ ሌሊት ሂሳብ 7,590 ሆኖ ጠበቀኝ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አባዬ ጠፋብን። ስፈልገው ሠርጋቸው የተደረገበት አዳራሽ ውስጥ አገኘሁት፣ አሁን የወንበርና የጠረጴዛ ማከማቻ ሆኗል፣ እሱ መሀል ላይ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። «ወለሉ አልተቀየረም» አለኝ፣ ሌላ ምንም አላለም። ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ «በጣም ደስ ብሎናል ልጄ» ሲሉኝ ነበር፣ እኔ ግን ስጦታዬ ያዋረዳቸው ነው የመሰለኝ። ገንዘቤን መጠየቅ እችላለሁ ወይስ የድሮ ሆቴል እንዲህ ነው ብዬ ልተወው? እነሱንስ ምን ልበላቸው?

መልስ፦

እህቴ፣ አትተይው። ደብዳቤሽን ሁለት ሦስቴ አነበብነው፣ ከሁሉ በላይ ያናደደን ሊፍቱም ውሃውም ሳይሆን ያቺ «ታሪካዊ ነው» የምትለዋ መልስ ናት። ሰው የድሮ ሆቴል የሚሄደው እኮ አዲስ ሆቴል ውስጥ የማያገኘውን ፈልጎ ነው። ሲረገጥ ሲጥ ሲጥ የሚል የእንጨት ደረጃ፣ ወፍራም ግድግዳ፣ እንደ ዛሬዎቹ የማይሰፋ ክፍል፣ ይሄ ሁሉ ከቤቱ ዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው፣ እንግዳም አውቆት ይገባል። ሙቅ ውሃ ግን ከታሪክ ጋር ምን አገናኘው? ያውም አንቺን ያሳደሩሽ በታሪካዊው ሕንፃ ሳይሆን በኋላ በተጨመረው ነው፣ ስለዚህ ታሪኩን አስከፈሉሽ እንጂ አልሰጡሽም።

ልጅቷ ላይ ግን አንፈርድም፣ የምትመልሰው ስታጣ የተናገረችው ይሆናል። የችግሩ ሥር ሌላ ቦታ ነው። በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ የተቀበረው የብረት ቧንቧ ባለፉት ዓመታት ከውስጡ እየዛገ ይጠባል፣ ላይኛው ፎቅ የሚደርሰው ውሃ ይቀንሳል፣ በዚያ ላይ የከተማው ውሃ በፈረቃ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ሁሉንም ነገር ላያነሳ ይችላል። ይሄን ለማስተካከል ግድግዳ መፍረስ አለበት፣ ክፍሎች ለወራት መዘጋት አለባቸው፣ ገቢ ይቀራል፣ እና ባለቤቱ ቀለም ቀብቶ ያልፈዋል። በ1967 ብዙ ትልልቅ ሆቴሎች ተወርሰው የመንግሥት ሲሆኑ የሚገኘው ገቢ ተመልሶ ቤቱ ላይ የማይውልበት ረጅም ዘመን እንደነበረም መርሳት የለብንም። ግን ቢያንስ «ሊፍቱ አይሠራም፣ አባትሽ ደረጃ ይችላሉ ወይ?» ብሎ በስልክ መጠየቅ ቧንቧ መቀየር አይፈልግም።

እኛ ለነዚህ ቤቶች እንሳሳላቸዋለን። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል የሀገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው፣ በጥር 2007 እሳት ተነስቶ የጃዝ ምሽት የሚቀርብበት አዳራሹ ሲቃጠል የስንት ሰው ሆድ እንደተላወሰ እናስታውሳለን። በ2016 ደግሞ የፒያሳ ስንትና ስንት አሮጌ ቤት ፈርሶ አየን። አባትሽ የሚያወሩት የሰዓት እላፊ ጭፈራም ተረት አይደለም፣ ከሠርጋቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ዋልያስ ባንድ ሂልተን ሲጫወት፣ አይቤክስ ባንድ ራስ ሆቴል ሲጫወት የገባ ሰው ሲነጋ ነበር የሚወጣው። ስለዚህ የቀሩት ቤቶች ሰው እንዲያድርባቸው ነው የምንፈልገው፣ ሰው ደግሞ ተከብሮ ካላደረ ዳግመኛ አይመጣም፣ ሰው ያጣ ቤት ደግሞ ይሸጣል፣ ይፈርሳል። ቅሬታሽን መናገርሽ ቤቱን መጥላት አይደለም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። 7,590 እንዴት እንደመጣ ይኸውልሽ፣ 6,000 ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመር 6,600 ይሆናል፣ በሱ ላይ 15 በመቶ ቫት 990 ብር ነው። ስሌቱ ብዙ ሆቴል ውስጥ የተለመደ ነው፣ በስልክ አለመንገራቸው ግን ትክክል አይደለም፣ ለወደፊቱ «ከነቫቱ ከነሰርቪሱ ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ክፍሉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፎቶ አሳይተው ሌላ መስጠት ቃል ማፍረስ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ሆቴል ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው፣ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳት የመካስ፣ በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ያስቀምጣል። አክብሮት ሕግ ውስጥ ተጽፎልሻል ማለት ነው።

እና የቴሌግራሙን ፎቶ እንዳትሰርዢው። ደረሰኙን ኮፒ አድርጊና ለዋናው ማናጀር በጽሑፍ አስገቢ፣ ቀኑን፣ የክፍሉን ቁጥር፣ የላኩልሽን ፎቶና የሰጡሽን ክፍል ልዩነት፣ ውሃውን፣ ሊፍቱን፣ ሳታጋንኚ ጻፊ። ሁለቱንም ሌሊት ሙሉ ገንዘብ ጠይቂ አንልሽም፣ አድረውበታል፣ ያንዱን ሌሊት ሂሳብ ጠይቂ፣ እኛ ተገቢ የሚመስለን እሱ ነው። «በሌላ ጊዜ በነፃ እናሳድራችሁ» ካሉሽና ከፈለግሽ የድሮው ሕንፃ ላይ፣ ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጡልሽ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልሰጡ ቅሬታሽን ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ውሰጂው። እዛው እያላችሁ ቢሆን ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው ሻንጣ ሳይወጣ ክፍሉን አይቶ «ይሄ አይደለም የተነጋገርነው» ማለት ነበር፣ ግን ከሀዋሳ ድረስ ስትመጪ ውለሽ፣ ሽማግሌ አባት ይዘሽ፣ ማን ይከራከራል፣ እንረዳሻለን።

ስለ ወላጆችሽ ከእኛ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፣ የኛን ስሜት ግን እንንገርሽ። አዋረድኳቸው ያልሽው አልታየንም። «ደስ ብሎናል» ያሉሽ እንዳይከፋሽ ብቻ ብለው ከሆነ እንኳ አባትሽ ያን አዳራሽ ፈልገው አግኝተዋል፣ በወንበር ክምር መሀል ገብተው የቆሙበትን ወለል ለይተውታል። አርባ ዓመት ሙሉ በወሬ ብቻ የነበረውን ቦታ ረገጡት። ይቅርታ አትጠይቂያቸው፣ ሆቴሉ ነው የበደላችሁ። ይልቅ አንድ ቀን ቡና ተፈልቶ ሁላችሁም ስትሰበሰቡ ያቺን ሌሊት ከመጀመሪያው እንዲያወሩልሽ ጠይቂያቸው፣ ስልክሽ ላይ ቅጂው፣ ማን እንደዘፈነ፣ ማን ወንበር ላይ እንደተኛ፣ ሲነጋ እንዴት እንደወጡ። አዳራሹን ለእናትሽም አሳይተዋቸው እንደሆነም ጠይቂያቸው፣ ደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽልንም።