መልስ፦ ዲስኩ ከተቶረነተ በኋላ ንዝረቱ ለምን ይመለሳል?

የኮሮላዎ የፊት ፍሬን ዲስኮች ቶርኖ ቤት ገብተው ከወጡ በኋላም ፍሬን ሲይዙ መሪው መንቀጥቀጡ በየጥቂት ወሩ እንደሚመለስ ጽፈዋል። እንዲህ እየተመላለሰ ሲያስቸግር ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ያለው ዲስኩ ላይ ሳይሆን ዲስኩና ጎማው በሚታሰሩበት የመሐል ክፍል፣ በሞዞው ላይ ነው። በሞዞው ፊት ላይ የተጋገረ ዝገት ካለ አዲስ ዲስክም ቢሆን በጥቂቱ ዘሞ ይታሰራል፤ ፍሬን ሳይያዝም በየዙሩ ያው አንድ ቦታ የፍሬን ሸራውን እየነካ ስለሚያልፍ፣ ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ የዲስኩ ውፍረት ከቦታ ቦታ ይለያያል። መሪውን የሚያንቀጠቅጠው በአብዛኛው ይህ ልዩነት ነው፤ በየጋራዡ የሚነገረው «ዲስኩ በሙቀት ተጣመመ» እምብዛም እውነት ሆኖ አይገኝም።

ስለዚህ ዳግመኛ ከማስቶረነትዎ በፊት ሞዞው በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ይጸዳ፤ ከዚያም ዲስኩ በዳዶ ጠብቆ እንደታሰረ በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን መዛነፍን በቀስት በሚያሳይ መለኪያ) እየተሽከረከረ ይለካ። መዛነፉ ከ0.05 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ከበለጠ ዲስኩን በአንድ ብሎን ቀዳዳ አዙሮ እንደገና መለካት ነው፤ ያም ካልረዳ ሞዞውና ኩሽኔታው ይመርመሩ። የካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፒኖች በእጅ ሲገፉ ካልተንሸራተቱም ሸራው ዲስኩን ስለማይለቅ ችግሩ ይመለሳል።

ጎማ በተፈታ ቁጥር ጎሚስታው ዳዶዎቹን በአየር መፍቻ ብቻ እንዲያጠብቃቸው አይፍቀዱለት፤ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ)፣ በመስቀልያ ተራ፣ ለኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ይበቃል። መሪው ጸጥ ብሎ ፔዳሉና መቀመጫው ብቻ ከተንቀጠቀጡ ግን ፍተሻውን ከኋላ ጎማዎች ይጀምሩ።