አስር ቆንጆ ስክሪን ከምታሳዪ አንድ የማይፈርስ አሳዪ

ጥያቄ፦ «የሶፍትዌር ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። አፕ ዲዛይን ማድረግም ኮድ መጻፍም እወዳለሁ። በቅርቡ ለተለማማጅነት ቃለ መጠይቅ ገብቼ የሠራሁትን የአንድሮይድ አፕ አሳየሁ። በእኔ ስልክ ላይ ያምራል። ከጠያቂዎቹ አንዱ ግን የራሱ ስልክ ላይ ጫነው። ቁልፎቹ ግዙፍ ሆኑ፣ የቀኙ ጠርዝ ተቆረጠ፣ ጽሑፉ ተደራረበ። ዲዛይኑን በ1080 ፒክስል ስፋት እንደሠራሁት ነገርኩት። ፈገግ ብሎ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። ስንት ዓይነት ስልክ ነው የማጠናው? ወይስ ዲዛይኑን ትቼ ኮዱ ላይ ብቻ ላተኩር?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ዲዛይኑን ብትተዪም ከዚህ ጣጣ አታመልጪም። ዲዛይነሩ የሳለው ነገር በሌላ ስልክ ላይ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠራው ኮድ ጸሐፊው ነው። ያጋጠመሽ ችግር ያለው ሁለቱ ሥራዎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ሁለቱንም የምትወጂ ከሆነ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ሰው ሁሌም ይፈለጋል።

ስንት ስልክ ላጥና ላልሽው፣ አንድም አታጥኚ። የስልክ ዝርዝር ማለቂያ የለውም። ማወቅ ያለብሽ መለኪያውን ነው።

ከጻፍሽው ስገምት መጠኖቹን የሰጠሻቸው በፒክስል ነው። ፒክስል ግን ቋሚ ስፋት የለውም። አንዱ ስክሪን በአንድ ኢንች ውስጥ 320 ፒክስል ይይዛል፣ ሌላው 480። ስለዚህ አንድሮይድ ዲፒ የሚባል መለኪያ አለው። በአንድ ኢንች 160 ፒክስል ባለው ስክሪን ላይ 1 ዲፒ ማለት 1 ፒክስል ነው። በ320 ላይ 2 ፒክስል፣ በ480 ላይ 3 ፒክስል ይሆናል። 48 ዲፒ ያልሽው ቁልፍ በአንዱ ስልክ 96፣ በሌላው 144 ፒክስል ይወስዳል። ለጣት ግን መጠኑ ተቀራራቢ ነው።

አሁን የቃለ መጠይቁን ቀን በዚህ መነጽር እዪው። ያንቺ ስልክ 1080 ፒክስል ስፋት ኖሮት እፍጋቱ፣ ማለትም በአንድ ኢንች የሚይዘው ፒክስል፣ 480 ነው እንበል። 1 ዲፒ 3 ፒክስል ስለሆነ ስፋቱ በዲፒ 360 ነው። የሰውዬው ስልክ 720 ፒክስል ስፋት ኖሮት እፍጋቱ 320 ቢሆን እሱም 360 ዲፒ ነው! ለሌይአውትሽ፣ ማለትም ለስክሪኑ አደራደር፣ ሁለቱ ስልኮች አንድ ናቸው። በዲፒ ብትሠሪው ኖሮ ልዩነት ባልታየ ነበር። በፒክስል ስትሠሪው ግን 900 ፒክስል የሰጠሽው ካርድ 720 ውስጥ ከየት ይግባ?

ተቃራኒውም አለ፣ እሱ ነው ብዙ ጀማሪዎችን የሚሸውደው። ሌላ ስልክ ልክ እንዳንቺው 1080 ፒክስል ሆኖ እፍጋቱ 420 ሊሆን ይችላል። ያኔ ስፋቱ 411 ዲፒ ገደማ ይሆናል። ፒክስሉ አንድ፣ ቦታው የተለያየ። በዚያ ላይ ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ ተጠቃሚው ራሱ ከሴቲንግ ገብቶ የሚታየውን ሁሉ ማተለቅ ወይም ማሳነስ ይችላል። ያኔ የዚያው የአንዱ ስልክ ስፋት በዲፒ ይቀየራል። ስለዚህ «በ1080 ነው የሠራሁት» የሚለው መልስ ለሰውዬው ብዙም አልነገረውም። ፈገግታው ከዚያ ይመስለኛል።

አይፎን ላይም ሐሳቡ ያው ነው፣ መለኪያው ፖይንት ይባላል። በ2010 አይፎን 4 ሲወጣ ስክሪኑ ከ320 በ480 ወደ 640 በ960 ፒክስል አደገ። በፖይንት ግን 320 በ480 እንደሆነ ቀረ፤ የነበሩት አፖች ሌይአውታቸው ሳይበላሽ ቀጠሉ።

ጽሑፍን ለብቻው አስቢው። መለኪያው ኤስፒ ነው፣ ተጠቃሚው ከመረጠው የፊደል መጠን ጋር አብሮ ያድጋል። አንድሮይድ 14 ላይ ፊደል እስከ 200 በመቶ ሊያድግ ይችላል። ቁመቱ በቁጥር የታሰረ ሳጥን ውስጥ ጽሑፍ ካስቀመጥሽ ይቆረጣል። ሳጥኑን ጽሑፉ ይወስነው፣ ቁጥር አትስጪው። እኔን ብትጠይቂኝ ከእፍጋት ይልቅ ብዙ አፕ የሚያፈርሰው ይሄ ነው።

ስለ ምስል ብዙ አልልም። አይከኖችን ቬክተር፣ ማለትም ሲተልቅ የማይደበዝዝ ሥዕል፣ አድርጊያቸው። ፎቶዎችን በየእፍጋቱ አዘጋጂ፤ የአንድሮይድ መደበኛ ደረጃዎች 1፣ 1.5፣ 2፣ 3 እና 4 እጥፍ ናቸው።

ለመሞከር ስልክ መበደር አያስፈልግሽም። ኢሙሌተር፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ ስልክን የሚያስመስል ፕሮግራም፣ አለ። በራስሽ ስልክም ሴቲንግ ውስጥ ባለው ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ የስክሪኑን ስፋት በዲፒ የሚቀይር «ስሞለስት ዊድዝ» የሚል አለ። የነበረውን ቁጥር ጽፈሽ ያዢና ወደ 320 ቀይሪው፣ ከዚያ 411፣ ከዚያ 600። ከ600 ዲፒ በላይ ያለውን ታብሌት አድርገሽ አስቢው። እዚያ ላይ የስልኩን ዲዛይን መለጠጥ አያዋጣም፣ አደራደሩ ራሱ መቀየር አለበት።

ወደ ፖርትፎሊዮሽ፣ ለቀጣሪ ወደምታሳዪው የሥራ ስብስብ፣ እንምጣ። የብዙ ተማሪ ፖርትፎሊዮ አስር የሚያብረቀርቁ ስክሪኖች ነው፣ ሁሉም በአንድ ስልክ ፍሬም ውስጥ። ቀጣሪ እንዲህ ያለውን በየቀኑ ያያል። አንቺ አንድ ስክሪን ምረጪ። ያንኑ በ320 ዲፒ ከትልቁ ፊደል ጋር፣ በ360፣ ከዚያም ከ600 በላይ አሳዪው። ከየምስሉ ሥር ምን እንደቀየርሽና ለምን እንደቀየርሽ በሁለት መስመር ጻፊ። ቁልፉን ለምን ከ48 ዲፒ አላሳነስሽም? የትኛው ክፍል ይለጠጣል፣ የትኛው ወደ ታች ይወርዳል? ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያወያየው ይሄ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልንገርሽ። ይሄን ሥራ ሞክረሽው ከሰለቸሽ፣ አፕ ዲዛይን ላይ ደጋግመሽ አስቢበት። የሥራው ትልቁ ክፍል ይሄው ነው፤ ቀለም መምረጡ ትንሹ ነው።

እስከዚያው አፑን አስተካክይና ለዚያው ሰውዬ አጭር መልእክት ላኪለት። «በእርስዎ ስልክ ላይ የታየው ችግር መጠኖቹን በፒክስል በመስጠቴ የመጣ ነበር። ወደ ዲፒ ቀይሬዋለሁ፣ አዲሱን አያይዣለሁ» በይው። ረጅም ይቅርታ አትጨምሪበት፣ ቦታውንም መልሰሽ አትጠይቂ። አዲሱን በ320 ዲፒ ያነሳሽውን ምስል አያይዢው።