ምድር የምትሞቀው በእግዚአብሔር ቁጣ ነው ወይስ በእኛ ሥራ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ለኖኅ «በምድር ዘመን ሁሉ መዝራትና ማጨድ፥ ብርድና ሙቀት፥ በጋና ክረምት፥ ቀንና ሌሊት አያቋርጡም» ብሎታል (ዘፍ. 8፥22)። ድርቅና ጎርፍም ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤታችን አንድ ወጣት «የአየር ንብረቱን ያዛባው ሰው ነው» ብሎ ሲያስተምር ተነሥቼ ተቃወምኩት። ይህ የእግዚአብሔርን ሥራ ለሰው መስጠት አይደለም ወይ? ቁጣውስ ከሆነ ከጸሎትና ከንስሐ ሌላ ምን ልናደርግ እንችላለን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ጸሎትና ስለ ንስሐ ታውቃለህ፤ እሱን አልደግምልህም። የምቆየው «ከእግዚአብሔር ነው» በሚለው አነጋገርህ ላይ ነው። ይህን ከብዙ ምእመናን ሰምቻለሁ። ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ከተጠያቂነት ማምለጫ ነው። አዳም «ለምን በላህ?» ሲባል «ከእኔ ጋር እንድትሆን የሰጠኸኝ ሴት» ብሎ ነው የጀመረው። ጥፋቱን ወደ ሰጪው ወደ እግዚአብሔር አዞረ። እኛም ምድርን በእጃችን አበላሽተን «እሱ ነው ያደረገው» ስንል የአዳምን መልስ ነው የምንደግመው።

አንድ ነገር ልክ ብለሃል። የምድር አየር ንብረት ከጥንትም ይለዋወጥ ነበር። የዛሬ 20,000 ዓመት ገደማ የሰሜን አሜሪካና የሰሜን አውሮፓ ሰፊ ክፍል በወፍራም በረዶ ተሸፍኖ ነበር። ያን ያህል ውኃ በረዶ ሆኖ ስለተያዘ የባሕሩ ወለል ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ደግሞ ከ11,000 እስከ 5,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ዛሬ አሸዋ ብቻ የምናይበት ሰሃራ ሣርና ሐይቅ ነበረው። ሰዎች ከብቶቻቸውን በዋሻ ግድግዳ ላይ ስለው ትተውልናል። የዓመቱ ብዛት አያሰናክልህ። መጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው የበረዶን ዕድሜ ሊያስተምረን አይደለም፤ በጌታ ዘንድም ሺህ ዓመት እንደ አንድ ቀን ነው (2ጴጥ. 3፥8)።

እነዚህ ለውጦች መነሻ ነበራቸው። ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትዞርበት መንገድና የዘንጓ ዘንበል ማለት በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዓመት ቀስ እያለ ይለዋወጣል። ያኔ የፀሐይ ብርሃን በምድር ላይ የሚከፋፈልበት ሁኔታም ይቀየራል። እሳተ ገሞራም አለ። እ.ኤ.አ. በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የተባለው ተራራ ሲፈነዳ ወደ ሰማይ የረጨው ጋዝ የፀሐይን ብርሃን ጋረደ። በቀጣዩ ዓመት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በበጋ ወራት ብርድ ገባ፤ ሰብል ጠፋ፤ ሰው ተራበ። ይህን ሁሉ ሰው አላመጣውም።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥተህ «እንግዲያው የዛሬውም የሰው ሥራ አይደለም» ማለት አትችልም። ሞትም ከጥንት ያለ ነው። ሰው ሁሉ ስለሚሞት ግን ገዳይ አይጠየቅም አይባልም። ቃየንን እግዚአብሔር «ወንድምህ ወዴት ነው?» አለው እንጂ ዝም አላለውም።

አሁን የሆነውን በደንብ ተመልከት። ድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ በሚሊዮኖች ለሚቆጠር ዓመት ከመሬት በታች ተቀብረው የቆዩ ናቸው። እኛ በሁለት መቶ ዓመት ገደማ ውስጥ እያወጣን አቃጠልናቸው። ጫካውንም መነጠርነው። ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከምድር ወደ ሕዋ የሚሄደውን ሙቀት ይይዛል። ይህ የትናንት ወሬ አይደለም። ዩኒስ ፉት የምትባል አሜሪካዊት በ1856 ይህ ጋዝ በፀሐይ ከተራው አየር ይበልጥ እንደሚሞቅ በሙከራ አሳይታለች። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስም በ1896 ጋዙ ቢጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ አስልቶ ጽፏል።

ከፋብሪካው ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። ከአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ የተገኘው የጥንት አየር ሲመረመር፣ ባለፉት 800,000 ዓመታት ከ300 ብዙም ያለፈበት ጊዜ የለም። «ፀሐይዋ ብትሆንስ?» የሚሉኝ አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ተመርምሯል። ሳተላይቶች የፀሐይን ኃይል ከ1978 ጀምሮ እየለኩ ነው። ከፍ እያለ አልሄደም። በዚያ ላይ ፀሐይ ብትሆን ኖሮ የላይኛውም አየር በሞቀ ነበር። የሆነው ግን የታችኛው ሲሞቅ የላይኛው መቀዝቀዙ ነው። ይህ ሙቀትን ከታች የሚያስቀር ጋዝ የሚያደርገው ነገር ነው። እሳተ ገሞራዎችም ቢሆኑ በዓመት የሚያወጡት ካርቦን እኛ ከምናወጣው አንድ በመቶ አይሞላም።

ፍጥነቱንም አትርሳ። ያ የበረዶ ዘመን አልፎ ምድር ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ለመሞቅ 10,000 ዓመት ያህል ፈጅቶባታል። እኛ ከአንድ ዲግሪ በላይ በ150 ዓመት ውስጥ ጨምረናል። ዛፍ ሥሩን ነቅሎ ቀዝቀዝ ወዳለ ቦታ አይሄድም፤ ገበሬም ከአያቱ የተማረውን የዘር ወቅት በአንድ ትውልድ አይቀይረውም።

አሁን ወደ ኖኅ ልመለስ። እግዚአብሔር ቃሉን ጠብቋል። በጋና ክረምት ይፈራረቃሉ፤ ቀንና ሌሊትም አልቆሙም። «የፈለጋችሁትን አድርጉ፣ እኔ መከራውን አስቀርላችኋለሁ» ግን አላለም። ሰይጣን ጌታን በመቅደስ ጫፍ አቁሞ ምን እንዳለው ታስታውሳለህ። «መላእክቱን ያዝልሃል ተብሎ ተጽፏልና ራስህን ወርውር» ነው ያለው። የጠቀሰው እውነተኛ የመዝሙር ቃል ነበር። ጌታ ግን «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መለሰለት (ማቴ. 4፥7)። የኖኅን ቃል ኪዳን ጠቅሰን ጭሱን ስንቀጥል የምናደርገው እንደዚያው ነው። ይህን በጥብቅ እነግርሃለሁ፣ ምክንያቱም የእግዚአብሔርን ቃል ለግዴለሽነት መሸፈኛ ማድረግ ቀላል በደል አይደለም።

«ቁጣ ነው» የሚለው ቃልህ ደግሞ ከዚህ የባሰ ያስፈራኛል። በ2022 ፓኪስታን በጎርፍ ተጥለቀለቀች። ከ1,700 በላይ ሰው ሞተ፤ 33 ሚሊዮን ሕዝብ ተጎዳ። አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት ይሸከማል፤ ስለዚህ ሲያወርደው ያጥለቀልቃል። ፓኪስታን ግን ዓለም ከሚያወጣው ጋዝ አንድ በመቶ እንኳ አታወጣም። በፓስፊክ ባሕር ያሉት እነ ቱቫሉና ኪሪባስም ባሕሩ ከፍ እያለ መሬታቸውን ጨው እየበላባቸው ነው። ከ1900 ወዲህ ባሕሩ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሯል። እነሱ ምን አደረጉ? እንግዲህ በቁጣ ተመቱ የምትላቸው እነዚህን ድሆች ነው። ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠየቀ። አይደለም ብሎም መለሰ (ሉቃ. 13፥4-5)። ከዚያ ንስሐ ግቡ ያለው ቆመው የሚሰሙትን ነው። እባክህ ወንድሜ፣ ይህን ምዕራፍ ዛሬ ማታ ቀስ ብለህ አንብበው።

በዚህ ነገር እኔ ቶሎ ቶሎ የምመለስበት ሕዝቅኤል 34፥18 ነው። እግዚአብሔር በዚያ የሚወቅሳቸው ጥሩውን መስክ ግጠው የቀረውን በእግራቸው የረገጡትን፣ ጥሩውን ውኃ ጠጥተው የቀረውን ያደፈረሱትን ነው። ሌላው መንጋ የተረገጠውን ሣርና የደፈረሰውን ውኃ ይቀምሳል። ዛሬም እንደዚሁ ነው። ብዙ ያቃጠሉት ሀብታሞቹ ናቸው፤ በቶሎ የሚጎዱት ድሆቹ ናቸው። ስለዚህ የሁላችንም በደል እኩል ነው ብዬ አላስተምርም። ኩራዝ የምታበራ እናትና በየሳምንቱ በአውሮፕላን የሚመላለስ ነጋዴ ለንስሐ አባታቸው የሚናገሩት አንድ አይደለም።

ጸሎት ብቻ ይበቃል ወይ ላልከው፣ ዮሴፍን ተመልከት። ሰባት የረኃብ ዓመት እንደሚመጣ ያወቀው ከእግዚአብሔር ነው። እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከምርቱ አንድ አምስተኛውን እንዲያስቀምጡ መከረ፤ ጎተራ ሞላ (ዘፍ. 41)። በቅዳሴያችን ስለ ዝናም፣ ስለ ምድር ፍሬ እንጸልያለን። ያንኑ ዝናም የሚያዛባውን ሥራ ሳንተው ከቅዳሴ ብንወጣ ጸሎታችን ምን ይባላል? በአቅምህ የምትችለውን ያዝ። ያለ ተተኪ ዛፍ አትቁረጥ። ነዳጅና መብራት አታባክን። ሥልጣን ወይም ገንዘብ ካለህ ደግሞ ከአንተ የሚጠበቀው ይበዛል።

ወጣቱንም ፈልገህ አነጋግረው፤ ያስተማረው ስለ እውነተኛ ነገር ነው። በድርቅ ወይም በጎርፍ ለተፈናቀሉ ሰዎች እርዳታ ስታደርሱ ደግሞ ስለ ኃጢአታቸው አትናገሯቸው። እህሉን፣ ውኃውንና ብርድ ልብሱን አድርሱላቸው።